የእንቁራሪት እንቁላልና የአባዬ ውሃ

ገላን ኮንዶሚኒየም
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ የሚነሳብሽ ቁርጥማት ዘንድሮስ ምሕረት አደረገልሽ? አባዬስ ያ ሳሉ ተወው ወይስ አሁንም ጋቢውን ተከናንቦ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለ ሌሊቱን ሙሉ ያስነቃሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እህቴ ዲንቄም ደህና ናት። ይሄን የምጽፍልሽ እሷ ቤት ተቀምጬ ነው፤ ምሳዋን በልታ ጋደም ብላለች፣ ሆዷም ገፍቷል፣ ፊቷም ሞላ ብሏል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪኝ ይሆናል። ስልኩማ ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂዋለሽ። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ አባዬ ከእጅሽ ይቀበልና ስፒከር ላይ ያደርገዋል፣ ከዚያ እትዬ አሰለፈችም ከአጥሩ ማዶ ሆና ጤናዬን ትጠይቀኛለች። የዛሬው ወሬ ስፒከር ላይ የሚወራ አይደለም። አቡዘር ጀሪካኑን ሊያደርስ ሲመጣ በፖስታ አሽጌ እሰጠዋለሁ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ውሃ በባጃጁ ሲያመላልስልን ጠብታ አፍስሶ የማያውቅ ልጅ፣ ደብዳቤም አይጥልብኝም። ከአንቺ እጅ በቀር በማንም እጅ እንዳይሰጠው አስምለዋለሁ። መነጽርሽን አድርጊና ጓሮ ወጥተሽ ብቻሽን አንብቢው።

እማዬ፣ ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅሽ «ልጄ ሐኪም ናት» እንደምትዪ ሰምቻለሁ። አላፍርብሽም፣ ሐኪምስ ነኝ፤ የእንቁራሪት። አባዬ በዚህ ነገር ሲያሾፍብኝ ዓመት ሞላው። አሁን ግን የማወራሽ የእንቁራሪቶቹ ነገር ወደ ቤታችን ስለገባ ነው፤ ስለዚህ ታገሺኝና ከሥሩ ልንገርሽ።

ክረምት ላይ ከእንጦጦ ጀርባ ካለ ኩሬ የእንቁራሪት እንቁላል ለቀምኩ። አይተሽው ታውቂያለሽ፤ እንደተነከረ ተልባ የሚያሟልጭ ነገር ውስጥ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ሆኖ ሣር ላይ ይጣበቃል። ያ ነጥብ ብዙም ሳይቆይ ጭራ አውጥቶ የሚዋኝ ልጅ ይሆናል። እንደ ዶሮ እንቁላል ቅርፊት የለውም። በዙሪያው ያለውን ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው ውስጥ ያለው ነገርም አብሮ ይገባበታል። ለዚህ ነው እሱን የመረጥነው።

ላውቅ የፈለግኩት ይሄን ነበር፦ የአቃቂ ወንዝ ውሃ በጣም ቀጥኖ፣ ጥቂት ጠብታ ብቻ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢገባ፣ እንቁላሉን ይጎዳዋል ወይ? ወንዙ እንዳለ መጥፎ መሆኑንማ ልጅ አዋቂው ያውቃል፣ ለዚያ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እኔን ያሳሰበኝ ትንሹ ነው። ዓይን የማያየው፣ ምላስ የማይለየው፣ ሰው «ምንም አይል» ብሎ የሚያልፈው የብረት ዝቃጭ።

ታዲያ ለማወዳደሪያ ንጹሕ ውሃ ያስፈልገኛል። የቧንቧ ውሃ መድኃኒት አለበት፣ እንቁላሉን ይጨርሰዋል። ላቦራቶሪያችን የሚያጣራው ውሃ ደግሞ ማዕድን የሚባል ነገር ጨርሶ ስለሌለው ነፍስ ያለው ነገር አያድግበትም። እኔ ግን አልተጨነቅኩም። አባዬ ከግቢያችን ጉድጓድ ቀድቶ በወር በወሩ የሚያሸክመኝ ጀሪካን ክፍሌ ጥግ ቆሞ የለ! የመመረቂያ ጽሑፌ አማካሪ ዶክተር አሻግሬ «ንጹሕ ነው ያልሽውን ውሃ አስመርምረሽዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ሳቅኩ እማዬ። «ዶክተር፣ ይሄ እኮ የአባቴ ውሃ ነው» አልኳቸው። ከሌላ ምንጭ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምሠራው ምርመራውን ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት የምትሳሳተው የኛ ቤት ልጅ ብቻ ናት።

የወንዙ ጠብታ የገባባቸው ሳህኖች ውስጥ ያሉት ተበላሹ። ያን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅኩት የአባዬ ውሃ ብቻ የገባባቸው ሳህኖች ውስጥ ያሉትን ነው። ከግማሽ የሚበልጡት ጀርባቸው እንደ መንጠቆ ታጥፎ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣ አንዳንዶቹም ዓይን ሳያወጡ ተፈለፈሉ። ሌሎቹ ጭራሽ ሳይፈለፈሉ እዚያው እንቁላላቸው ውስጥ ነጭ ሆነው ቀሩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የገዛ እጄን ነው። ዕቃውን ሁሉ በአሲድ አጥቤ ደገምኩት። ያው ሆነ። ዶክተር አሻግሬ ማወዳደሪያው ተበላሽቷል፣ ጣይውና ሌላ ውሃ ፈልጊ አሉኝ። እንቁላሉን ከለቀምኩበት ኩሬ ራሱ ውሃ አምጥቼ ሞከርኩ፤ ቀጥ ቀጥ ብለው ወጡ። ሳህኑ ሙሉ ጭራ ሲወራጭ ብታዪ ደስ ይልሽ ነበር። እኔ ግን ደስ አላለኝም። የአባዬን ውሃ ይዤ ወደ ምርመራ ሄድኩ።

ክሮሚየም አለበት። እርሳስ አለበት። ካድሚየም የሚባልም አለበት። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው፣ አንዱም ለመጠጥ ከተፈቀደው ልክ አያልፍም። የመረመረው ሰውዬ «ይጠጣል» ብሎ ነው ወረቀቱን የሰጠኝ። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ ያውም ገና በሚፈጠር ነገር ላይ፣ ምን እንደሚያደርጉ ወረቀቱ አይጠይቅም። እንቁላሉ ግን የሚጠጣው ሦስቱንም ባንድ ላይ ነው፣ የተፈቀደ ልክ የሚባል ነገርም አያውቅም።

ከየት መጣ ትዪኝ ይሆናል። ከአጥራችን በስተጀርባ የነበረውን፣ ብረት በመድኃኒት እየነከሩ የሚለብጡበትን ግቢ ታስታውሺዋለሽ። ጉድጓዱ ሲቆፈር ገና ይሠራ ነበር። ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ ባለቤቱም ሞቷል፣ ቦታው ላይም ሰው ቤት ሠርቶበታል። የፈሰሰው ግን መሬቱ ውስጥ ነው ያለው። የምንከሰው ሰው የለም እማዬ፣ እኔም ተከሳሽ ፍለጋ አልወጣሁም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ኋላ አጋነነች እንዳልባል። እንቁራሪት ሰው አይደለም። የሰው ልጅ እናቱ ሆድ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚያድገው። ይሄ ውሃ በሰው ላይ እንዲህ አደረገ ብዬ ልምልልሽ አልችልም፣ ማንም ቢምልልሽ አትመኚው። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ፣ እህቴ ይሄን ውሃ እየጠጣች ቁጭ ብዬ ልጅ አልጠብቅም።

ለአባዬ ባለፈው እሑድ ነግሬዋለሁ። አንቺ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለስሽም ነበር፤ እትዬ አሰለፈች አጣፍጣ ነግራሽ ይሆናል፣ እኔ ደግሞ እንደሆነው ልንገርሽ። ሰምቶኝ ሲያበቃ ተነሳና ጣሳውን ወሰደ። ከጉድጓዱ ቀድቶ ውሃ ሊቀዱ ለመጡት ጎረቤቶች ሁሉ እያሳየ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ዞር ዞር አለና «እስኪ እዩኝ፣ ጎበጥኩ?» አለ። ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አባዬን ታውቂው የለ፣ እኔንም ሳቄ መጣ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ለብቻዬ ጠጋ ብሎኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ መሬቱ ሄደ፣ ጉልበቱም ሄደ። በዚህ ሰፈር ያደታ ብሎ በስሜ የሚያከብረኝ ሰው ካለ በዚህ ውሃ ነው። ይሄንንም ልትወስጂብኝ ነው?» አለኝ።

ታክሲ ውስጥ ገብቼ እንባዬ መጣ። እንባዬን ጠርጌ ስጨርስ ግን ሐሳቤ ያው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አምና ዲንቄ ገና እዚያው ግቢያችን ሳለች ልጇን ስታጣ ሰው ምን እንዳለ ሰምቻለሁ። «የእናቷ ሾተላይ ተላልፎባት ነው፣ ልጅ አያስጠጋትም» አሉ። የሚያሳዝነኝ አንቺም ማመንሽ ነው። ዘንድሮ ስታረግዝ ገና ሳይታወቅባት ሕግ አወጣሽላት፦ ከሰው ቤት ውሃ እንዳትቀምሺ፣ የማንም ዓይንና እጅ ያላረፈበትን የቤታችንን ውሃ ብቻ ጠጪ። እሷን ለማዳን ብለሽ ነው፣ ሌላ ማን እንዲህ ያስብላታል። አባዬም ደስ ብሎት በየቅዳሜው ጀሪካኑን ይሞላል፣ አቡዘርም ያመጣል።

ዲንቄ ትእዛዝሽን እንደ ሁዳዴ ጾም ነው የያዘችው። ባሏ ፊሮምሳ የታሸገ ውሃ ቢገዛላት ካልሲውን ዘፈዘፈችበት፣ እሱም ምስኪን «ውድ ካልሲ ነው ያለኝ» እያለ ይስቃል። ለሷም ዛሬ ጠዋት ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ምንም ሳትቆጣ ሰምታኝ፣ ሆዷን እያሻሸች፣ «እማዬ ተይው ካለችኝ እተዋለሁ፣ አንቺ ስላልሽኝ ግን አልተውም» አለችኝ። አልተቀየምኳትም። ያን ጊዜ ሆስፒታል ሌሊቱን ሁሉ እጇን ይዘሽ ያደርሽው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ እማዬ፣ የኔ ትምህርት ሁሉ ተደምሮ ያንቺን አንድ ቃል አያህልም። ይሄን ደብዳቤ እንደጨረስሽ፣ ቡናውም ድስቱም ይቆይና፣ ዲንቄ ጋ ደውዪ። ተይው በያት። አታስደንግጫት፣ ስለ ተጣመሙት የእንቁራሪት ልጆችም አታንሺባት። ካሻሽ ሕልም አየሁ በያት፤ እሷ ከኔ ሳህን ይልቅ ያንቺን ሕልም ታምናለች። የምትጠጣውን እኔና ፊሮምሳ እናቀርባለን፣ በዚያ አታስቢ። ዛሬ አቡዘር የሚያመጣውን ጀሪካን እኔው እደፋዋለሁ፣ ብትቆጣም ትቆጣ። የሚመጣው ቅዳሜ እንዳይመጣ ግን የምታስቀሪው አንቺ ነሽ።

ስለ ሾተላይም ያወቅኩትን ልንገርሽ። ሐኪሞቹም ሾተላይ ይሉታል፣ ግን መንፈስ ሳይሆን የደም ነገር ነው ይላሉ። የእናትየዋ ደም ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን ነው የሚመጣው፤ ደሟ ፖዘቲቭ የሆነች ሴት ጋ አይደርስም። ዲንቄን ጤና ጣቢያ ወስጄ አስመረመርኳት። ደሟ ፖዘቲቭ ነው።

ዐቢይ ጾም ላይ ለሐሞት ጠጠርሽ ሆስፒታል ስትተኚ ካርድሽን ይዤ ከክፍል ክፍል ስሮጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያንቺም ፖዘቲቭ ነው እማዬ። ይሄን መስመር ደግመሽ አንብቢው።

ከዲንቄ በኋላ ያረገዝሻቸው ሳይቆዩልሽ ሲቀሩ ልጅ ነበርኩ፣ ግን ልጅ ምን የማይሰማው አለ። አክስቴ አደሴ አባዬን «ወንድ ልጅ የሚያቆይልህ ሌላ ማሕፀን ፈልግ» ስትለው ሰምቻለሁ። እሱ ተቆጥቶ ሲያስወጣትም ሰምቻለሁ። አንቺ ግን የሰማሽው የሷን ነው። ክታብ አሰርሽ፣ ጥቁር በግ አሳረድሽ፣ የጠበል ዓይነት አልቀረሽም። በየመርዶው ቤት ስትገቢ እርጉዝ ካለች ዓይንሽ እንዳያርፍባት ብለሽ በጓሮ በር ስትወጪ አይቻለሁ። ከጠበል ደክሞሽ ስትመለሺ አባዬ በር ላይ ጠብቆ፣ ከጉድጓዱ ቀዝቃዛውን ቀድቶ በጣሳ ይሰጥሽ ነበር። እኔና ዲንቄን ስታረግዢ ግን ጉድጓዱ አልነበረም፣ ከማዶው ምንጭ ነበር የምትቀጂው። አንቺው ነሽ የነገርሽኝ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። እንቁራሪት ሰው አይደለም ብዬሻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም።

ነገ እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ እመጣለሁ። ለዳኛው ለአቶ መገርሳ ነግሬያቸው ከሌላው ጉዳይ በፊት እንድናገር ፈቅደውልኛል። ቆሜ እናገራለሁ፣ ቢስቁም እናገራለሁ። ለተጠማ ሰው ውሃ አትጠጣ ማለት ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቧንቧው በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣም አልረሳሁም፣ እኔም እዚያ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ጉድጓዱ ይደፈን አልልም። ልብስ ይታጠብበት፣ ግቢ ይረጭበት። እርጉዝና ሕፃን አይጠጣው ነው የምለው። ወረዳው የመጠጥ ውሃ በቦቴ እንዲልክልን ማመልከቻውን ጽፌ ጨርሻለሁ፣ እሑድ ዕለት ሰዉ ይፈርምበታል። አንዴ ባይሰሙን ሁለቴ እንሄዳለን፣ ሁለቴ ባይሰሙን ደጃቸው ላይ ጀሪካን ደርድረን እንቀመጣለን፣ እትዬ አሰለፈችን ከፊት አድርገን። እሷን አልፎ የሚገባ ሹም ካለ አያለሁ።

ዶክተር አሻግሬም የጉድጓዱን ውጤት ከመመረቂያ ጽሑፍሽ አውጪው ብለውኛል። ከተፈቀደው ልክ በታች ነው፣ ፈታኞቹ ይስቁብሻል፣ ዓመትሽ ይባክናል አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ አዝነውልኝ ነው። አላወጣውም አልኳቸው። ዓመቱ ይባክን፣ ሌላ ዓመት እማራለሁ።

አባዬን እሑድ በሰው ፊት እንዳዋርደው አልፈልግም። ስለዚህ ከዚያ በፊት አንቺ አናግሪው። እኔ ስናገር ጣሳ ያነሳል፣ አንቺ ስትናገሪ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ስለ ዲንቄ ንገሪው፣ ስለሚመጣው የልጅ ልጁ ንገሪው። ለሱ እሷ ትበቃዋለች፣ ዕድሩ ላይም ከኔ ቀድሞ ራሱ ተነስቶ እንደሚናገር ልቤ ይነግረኛል።

ስለ ደምሽ ግን አትንገሪው እማዬ። አንቺ ዲንቄን አዝለሽ፣ እንስራ ተሸክመሽ ያን ቁልቁለት ስትወርጂ ማየት አልቻል ብሎት እኮ ነው ያን ጉድጓድ በዶማ የቆፈረው። አንድ ቀን ራሱ ዓመቱን ቆጥሮ ከደረሰበት ይድረስበት። እኔና አንቺ ግን አንቁጠርለት።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ቀሪውን ዘመንሽን የዕረፍት ያድርግልሽ። ዲንቄን እመቤቴ ማርያም በሰላም ታገላግልልኝ፣ ዘመድ ጎረቤቱን ደስታ ታሰማልን። የአባዬን ሳል ያቅልልን። አንቺም መርቂኝ፣ እሑድ ስቆም ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ።

እጅሽን እስማለሁ።

የበኩር ልጅሽ